ዘጠነኛው ቱቦ

የፋብሪካው የሙከራ አለቃ የማስተር አልጎት ሩንስትሮም ሬሳ ከአዳራሹ ጎን ባለችው ክፍል ውስጥ፣ በሁለት የበርች ሳንቃዎች ላይ፣ በጀልባ ሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። መርማሪው ኢቫር ስቶልሃንድ ሸራውን ከራስጌው በኩል ገለጥ ሲያደርግ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው አንገቱ ላይ ባለው ቁስል ሳይሆን በራስ ቅሉ ላይ ነበር። ከቅንድቡ በታች ያለው ፊት በሠላሳ ዓመት እንፋሎት ተቀቅሎ እንደ ጡብ ቀልቷል። ከቅንድቡ በላይ ያለው መላጣ ግን ፀሐይ የምትባል ነገር መኖሯን ሰምቶ የማያውቅ፣ እንደ ወተት የነጣ ነው።

«ቆቡ የት አለ?» አለ ኢቫር።

የወረዳው ፖሊስ ሹም ፍሬድሉንድ ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ። «ሰውዬው በመስታወት ስባሪ አንገቱን ተቆርጦ ሞተ፤ እርስዎ ስለ ቆብ ይጠይቁኛል! ያጠፋውን ይዘነዋል እኮ ጌታዬ። ቦይለር አንዳጁ ቫልፍሪድ ነው። ራሱ በአፉ አምኗል። በአሥር ሰዓቱ ባቡር ወደ ወህኒ እወስደዋለሁ።»

«ካመነማ ባቡሩን ምን ያስቸኩለዋል?»

ስለ ኢቫር ስቶልሃንድ የሚወራውን ሁሉ ማመን የለባችሁም፤ ግማሹ ይበቃል፤ ግማሹም ቢሆን ለመላው ስዊድን ተዳርሶ ለኖርዌይ ይተርፋል። የፋብሪካ አደጋ ሲመረምር በኖረባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት አርባ ሺህ ውሸት ሰምቶ አንዷም አላመለጠችውም። አፍንጫው ከባቡር ሲወርድ እሱ ገና ሻንጣውን ይፈልጋል። ከላይኛው ከንፈሩ ሥር የሚወትፈው ትንባሆ በሬ ይጥላል። ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ዝና ከሸራው ፊት ሲቆም አንዲት ሳንቲም አላወጣም። ኢቫር ሰው ልብሱን የሚያወልቅበት ክፍል በስህተት የገባ ይመስል ዓይኑን ሰበረና ሸራውን መልሶ እስከ መላጣው ድረስ አለበሰው።

«ይኼ ሰው ቆቡን የማያወልቅ ሰው ነበር» አለ። «ራሱ ላይ ተጽፏል።»

የኤልግቪክ ተርባይን ፋብሪካ የሙከራ አዳራሽ ከሐይቁ ዳር ነው። የፋብሪካው ጌታ ፓትሮን አንካርቪክ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንቅልፍ ያልጎበኘው ሰው።

«መስታወቱ የተገጠመው እንደ ደንቡ ነው» አለ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ።

«ደንቡን ያሳዩኝ።»

ፓትሮን አሳየው። ከግድግዳው ወዲያ ቫልፍሪድ የሚያነደው ቦይለር እንፋሎት ይልካል። እንፋሎቱ ሠራተኞቹ «ጡሩምባው» በሚሉት የነሐስ ኖዝል ውስጥ ያልፋል። ጡሩምባው ከመግቢያው እየጠበበ ሄዶ ጉሮሮው ላይ የትንሽ ጣት ያህል ይቀራል፤ ከዚያ እንደገና እየሰፋ አንድ የብረት ሳጥን ውስጥ አፉን ይከፍታል። ከሳጥኑ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ሆኖ ሚዛን ላይ ይወርዳል። በሳጥኑ መውጫ ላይ አንድ መዘውር አለ፤ መዘውሩ ሲጠብቅ መውጫው ይጠብና በሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ያድጋል። የተሰበረው መስታወት የሳጥኑ መስኮት ነበር፤ ሰው ዓይኑን ተክሎ የጡሩምባውን አፍ የሚያይበት።

«በአራት ማያያዣ ብቻ?» አለ ኢቫር ጣቱን በባዶው ቀዳዳ ዙሪያ እያዞረ።

«ምን ያደርግለታል ሌላ? ሳጥኑ ውስጥ ሁልጊዜ ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ነው ያለው። መስታወቱን የውጭው አየር ራሱ ወደ ውስጥ ተጭኖ ይይዘዋል። ወደ ውጭ የሚወረወረው ውስጡ ከውጩ ሲበልጥ ነው፤ ያ ደግሞ ቫልፍሪድ እንፋሎቱን አለቅጥ ካልለቀቀው በቀር አይሆንም!»

ኢቫር ከቀዳዳው ዞር አለ። ከመስኮቱ አራት እርምጃ ርቆ እንደ ግድግዳ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። በጡሩምባው ጎን በተርታ ከተበሱት አሥራ አንድ የመርፌ ቀዳዳዎች አሥራ አንድ የሜርኩሪ ቱቦዎች ወጥተው ሰሌዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ግፊት በበዛበት ሜርኩሪው ከፍ፣ ባነሰበት ዝቅ ይላል። በየቱቦው ጎን በጠመኔ የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ ነጭና ሰማያዊ።

ሰሌዳውን ዞሮ ወደ ኋላው ሲያልፍ መዘውሩን አገኘው፤ የዘንጉ ቅባት ተጠርጓል፤ ከመዘውሩ አጠገብ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ደብተር፤ ደብተሩ ላይ በዘይት የጠቆረ የሠራተኛ ቆብ። ቆቡ ቀጥ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚቀመጥ ሆኖ ተቀምጧል። አንዲት የደም ጠብታ የለበትም። የሰማያዊ ጠመኔ የጣት አሻራ ግን ግንባሩ ላይ አለ።

«ይህን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም» አለ ፍሬድሉንድ። «ፍንዳታው ነው የወረወረው።»

«ተዓምረኛ ፍንዳታ ነው እንግዲያው። ሰውየውን ወደ በሩ ጣለና ቆቡን በሌላ አቅጣጫ፣ ሰሌዳ አዙሮ፣ ደብተር ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ።»

ሚዛኑ ዘንድ የምትሠራው ሁልዳ ትባላለች፤ ክንዷ የመልሕቅ ገመድ፣ ምላሷ ደግሞ መልሕቁ ራሱ። ትናንት ስታለቅስ ያደረች ይመስላል፤ ዓይኗ አብጧል።

«ጋሽ ቫልፍሪድ ዝንብ አይገድልም» አለች ሳትጠየቅ። «ዝንብ ካረፈችበት አካፋውን ያስቀምጥና እስክትሄድ ይጠብቃታል። እኔ ነኝ ያየሁት።»

«ዝንቧን እንተዋት። አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«በየአምስት ደቂቃው የወረደውን ውሃ እመዝናለሁ። በጡሩምባው ያለፈው እንፋሎት ሁሉ ውሃ ሆኖ እኔ ጋ ነው የሚመጣው።» ወረቀቷን ዘረጋች። «ይኸው፤ አርባ አንድ ኪሎ፣ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ። መስታወቱ እስከፈነዳበት ድረስ።»

«የማስተር ልጅ፣ ኢንጂነሩ፣ መዘውሩን ካጠበቀ በኋላስ?»

«አርባ አንድ። አንድ ማንኪያ እንኳ አልቀነሰም፣ አልጨመረም።»

ኢቫር ወረቀቱን ወሰደና ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ትንባሆው ከንፈሩ ሥር ሲንቀሳቀስ ታየ። «ጠመኔውስ? ለምን ሁለት ቀለም?»

«የማስተር ሥራ ነው። ሜርኩሪው በተረጋጋ ቁጥር ይሰምራሉ፤ ሁኔታው ሲለወጥ ቀለም ይለውጣሉ። ነጩ መዘውሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ነው። ሰማያዊው ኢንጂነር ያልማር መዘውሩን እስከ ቀይ ምልክቱ ካጠበቁት በኋላ። ሰማያዊውን ጨርሰው ሲስቁ ሰማኋቸው። ማስተር በሥራ ላይ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ፈነዳ።»

ሰሌዳው ላይ ነጩ መስመር ከአንደኛው ቱቦ እስከ አሥራ አንደኛው እንደ ቁልቁለት መንገድ እየወረደ ይሄዳል። ሰማያዊው እስከ ስድስተኛው ድረስ ልክ በነጩ ላይ ተደርቧል፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ግን አጥር እንደሚዘል ፈረስ ሽቅብ ይዘልና እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ይቀራል። ከሰባተኛው ቱቦ በላይ በትልቁ «7» ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ቫልፍሪድ ከሰል ማከማቻው ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ ከተቀመጠበት ሲነሳ ጣሪያው የተነሳ ይመስላል ይባልለት ነበር። አሁን ግን ትከሻው ውስጥ ገብቶ የጠፋ ይመስላል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጨርሱኝ ጌታዬ።»

«ምን አደረጉ?»

«የደህንነት ቫልቩ ያፈስ ነበር። በፉጨቱ ጆሯችን ደነቆረ። የልብስ መተኮሻ ብረት ክንዱ ላይ ሰቀልኩበት። ሦስት ሳምንት ሆነው። አልጎት አይቶት 'አንተ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ሰው ትጨርሳለህ' አለኝ። ያለው ደረሰ።»

«የትናንቱ ግፊት ስንት ላይ ነበር?»

«ስድስት ላይ። መርፌውን አይቼዋለሁ።» ከሰል ያጠቆራቸውን መዳፎቹን ገለበጣቸው። «ግን ዓይኔ ደክሟል። ሰባት ይሆን? ስምንት? ሠላሳ ዓመት ከአንድ ሳህን ሄሪንግ ዓሣ የበላሁት ጓደኛዬ ሞቶ እኔ የገዛ ዓይኔን ልመን?»

«ወህኒ ቢወርዱ የሚጠይቅዎት አለ?»

«ባለቤቴ የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ውስጥ ነው ያለችው። እሁድ እሁድ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከአልጎት ጋር። መንገዱን ሙሉ ይሳደባል፤ ከመድረሳችን በፊት ግን ሁልጊዜ አበባ ይቆርጥላታል።» ቀና ብሎ ኢቫርን አየው። «ለእሷ ማን ይነግርልኛል?»

ኢቫር የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ። «የሚነገር ነገር ካለ እርስዎ ራስዎ ይነግሯታል» አለና ወጣ።

የማስተሩ ቤት ከፋብሪካው አጥር ጋር የተያያዘ ቀይ የእንጨት ቤት ነው። ወይዘሮ ቶርቦርግ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። ጎናቸው ልጃቸው ኢንጂነር ያልማር፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱን ሲጨርስ የደፋውን ነጭ የተማሪ ቆብ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን እያሻሸ። ያን ነጭ ቆብ በልጁ ራስ ላይ ለማየት አባቱ ሃያ ዓመት ተጨማሪ ፈረቃ ሠርቷል።

«መዘውሩን ያጠበቅከው አንተ ነህ?» አለ ኢቫር።

«አዎ። እስከ ቀይ ምልክቱ። እዚያ ላይ አቆምኩ።»

«ከአባትህ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ጠብ?» አሉ እናቱ፤ ድንገት በፊታቸው ላይ ፈገግታ መሰል ነገር አለፈ። «ጠብ አይበሉት ጌታዬ፤ ጦርነት ይበሉት። ክረምቱን ሙሉ በዚህ ጠረጴዛ ላይ! መዘውሩ እስከ ቀዩ ምልክት ሲጠብቅ የግፊቱ ዝላይ የትኛው ቀዳዳ ላይ ይቆማል ነው ነገሩ። ያልማር በስሌቱ ሰባተኛው ላይ ነው ይላል። አልጎት በጆሮዬ እሰማዋለሁ፣ ዘጠነኛው ላይ ነው ይላል። ድንች ይቀዘቅዛል፣ እነሱ ይጮሃሉ። በመጨረሻ ተወራረዱ።»

«በምን?»

«የተሸነፈ ለአሸናፊው ቆቡን ያወልቃል።»

ያልማር የቆቡን ጠርዝ ማሻሸቱን አቆመ።

«ማስተር ቆባቸውን የሚያወልቁት መቼ መቼ ነበር እመቤቴ?»

«ጳጳሱ ፋብሪካውን ሊባርኩ ሲመጡ እንኳ አላወለቀም። በሠርጋችን ቀን አወለቀ። ያልማር የተወለደ ቀን ደግሞ አወለቀና ሕፃኑን ውስጡ አስቀመጠው። ሌላ ጊዜ አላየሁም።»

ኢቫር ወደ ልጁ ዞረ። «ከመፈንዳቱ በፊት የተናገረህ ነገር አለ?»

«'ያልማር!' ብሎ ጠራኝ» አለ ልጁ ወለሉን እያየ። «ከሰሌዳው ወዲያ ነበርኩ፤ አላየሁትም። እንፋሎቱ ይጮኽ ነበር። የቀረውን አልሰማሁትም።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ኢቫር ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። በመስታወቱ ቦታ ወፍራም የብረት ሳህን በስምንት ብሎን አሳስሯል። ቫልፍሪድን ራሱን ወደ ቦይለሩ መለሰው፤ ፍሬድሉንድ ጮኾ ቢቃወምም።

«ነፍሰ ገዳይ እሳት ዘንድ ይመለሳል እንዴ?»

«እርስዎ አጠገቡ ቆመው መርፌውን ያንብቡልኝ። የእርስዎ ዓይን አልደከመም።»

ከዚያ ካፖርቱን አወለቀና ሰሌዳው ላይ ሰቀለው፤ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያሉት ቱቦዎች ተሸፈኑ። «እነዚህን በኋላ» አለ። «እስካሁን ሁላችሁም ስታወሩ ሰማሁ። አሁን እንፋሎቱ ያውራ።»

መዘውሩን በገዛ እጁ እስከ ቀይ ምልክቱ አጠበቀ። ግፊቱ ስድስት ላይ ቆመ። ጡሩምባው ማልቀስ ጀመረ፤ ጥርስ የሚያነቃንቅ፣ በሐይቁ ላይ ያሉ ዳክዬዎችን እስከ ፊንላንድ የሚያባርር ድምፅ። ስድስቱ ቱቦዎች ትናንት ማስተር አልጎት በጠመኔ ባሰመረበት ላይ፣ ፀጉር ሳያዛንፉ ቆሙ።

«ቫልፍሪድ! ወደ ሰባት!»

አካፋው ሲሠራ ተሰማ። «ሰባት!» ሲል ፍሬድሉንድ ከወዲያ ጮኸ። አንደኛው ቱቦ ከመስመሩ በላይ ወጣ። ሁለተኛው ተከተለ። ስድስቱም ወጡ።

«ሁልዳ?»

«አርባ ስምንት!» አለች ሚዛኑን እያረጋጋች።

«ትናንት ስንት ነበር?»

«አርባ አንድ። እስከ መጨረሻው አርባ አንድ።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሽ ቫልፍሪድ... አልጨመረም። አልጨመረም እኮ!»

«ቦይለሩ ቢጨምር ኖሮ ሁለት ምስክር ይናገርበት ነበር» አለ ኢቫር። «ሚዛኑና የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች። ትናንት ሁለቱም ዝም ብለዋል። የማስተር ሰማያዊ መስመር በነጩ ላይ እንደተደረበ ነው። መተኮሻው ጥፋት ነው፤ ለእሱ ራሴ እቀጣዎታለሁ ቫልፍሪድ። ጓደኛዎን ግን አልገደሉትም።»

ከግድግዳው ወዲያ አካፋ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

«ታዲያ መስታወቱን ምን ገፋው?» አለ ፓትሮን።

«ከኋላ የመጣ ግፊት። ወደ ስድስት ይመልሱት!» መርፌው ሲወርድ ኢቫር መዘውሩን ጨበጠ። «እያጠበቅኩ ነው። ስድስቱን ቱቦዎች እዩልኝ።»

አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሁለት ተኩል። ስድስቱ ቱቦዎች እንደ ተቸነከሩ ቆመው ቀሩ።

«አርባ አንድ» አለች ሁልዳ በሹክሹክታ።

«አይሰሙም» አለ ኢቫር። «እንፋሎቱ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ በድምፅ ፍጥነት ነው የሚሮጠው፤ ከጉሮሮው ወዲያ ከድምፅ ይቀድማል። ከኋላ 'መንገድ ተዘጋ' ብሎ የሚጮኽ ወሬ ደግሞ ከድምፅ አይፈጥንም። ያን ወንዝ ሽቅብ መዋኘት አይችልም። ስለዚህ የፊቱ እንፋሎት ምንም ሳያውቅ፣ ባልተለወጠ ልክ ይመጣል፣ ይመጣል፤ ከኋላ ካለው ጋር የሚላተመው መንገድ ላይ ነው። ያ ግጭት ነው ዝላይ የምትሉት። ከኋላ በገፋችሁት መጠን ወደ ጉሮሮው ይጠጋል። ቦይለሩን ብትጨምሩ ደግሞ ተገፍቶ ወደ አፉ ይሸሻል እንጂ ወደ ጉሮሮው አይመጣም።»

ካፖርቱን ሳብ አደረገው። ሜርኩሪው እስከ ስድስተኛው ወርዶ ሰባተኛው ላይ ዘልሎ ቆሟል፤ ልክ በሰማያዊው መስመር ላይ። የብረት ሳህኑ ጠርዝ ወደ ውጭ ሲፍ ይል ጀመር።

«ሰባት» አለ ፓትሮን። «ታዲያ ኢንጂነሩ እንዳሉት—»

«ይኼ ከቀዩ ምልክት ሁለት ዙር ተኩል አልፎ ነው። ሳህኑ ሲተነፍስ ይሰማል? ሳጥኑ ውስጥ ከውጭው አየር በልጧል። መስታወት ቢሆን ኖሮ አሁን በሩ ጋ ነበር።» መዘውሩን ቀስ ብሎ መለሰው። ሰባተኛው ቱቦ ወረደ። ስምንተኛው ወረደ። ሲፍ ማለቱ ቆመ። ምልክቶቹ ቀይ ከቀይ ሲገናኙ ዝላዩ አንድ ቦታ ላይ ረጋ፤ ከዚያም ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

ዘጠነኛው ቱቦ ላይ።

ጡሩምባው ብቻ ያለቅሳል።

«የመዘውሩ ዘንግ ላይ ያለው ቅባት ከምልክቱ ሁለት ዙር ተኩል አልፎ ተጠርጓል» አለ ኢቫር፤ ድምፁ ግን የድል ድምፅ አልነበረም። «ይህን ገና ቆቡን ሳየው ነው የጠረጠርኩት። ማስተር አልጎት የሚያስፈራ ነገር ቢያይ ወደ እንፋሎት መዝጊያው ይሮጥ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው። እሱ ግን ሳቀ። ሰባት ብሎ ጻፈ፣ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ልጁ ከኋላ ቆሞ መዘውሩን እንደ አገባቡ እንደያዘው አልተጠራጠረም። ሰሌዳውን ዞሮ መጣ፤ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ መዘውሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ አላየውም። ቆቡን አወለቀና ስሌቱ በተጻፈበት ደብተር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የልጁን ዝላይ በዓይኑ ለማየት ወደ መስኮቱ ሄደና ተጣራ።»

ያልማር ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልክ ነህ እንዲለኝ ነበር። ትንሽ ባጠብቀው ሰባት ላይ ይመጣል አልኩ፤ በኋላ እውነቱን ነግሬው አብረን እንስቃለን አልኩ። መስታወቱን አላሰብኩትም፤ በእግዜር፣ አላሰብኩትም። ሲፈነዳ መዘውሩን መለስኩት። እጄ ነው የመለሰው። ከዚያ ዞር ስል ቆቡን አየሁት። ጋሽ ቫልፍሪድ እኔ ነኝ ሲል ሰማሁት። አፌ አልከፈት አለኝ።»

ቫልፍሪድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ከሰል፤ ጉንጩ ላይ ብቻ ሁለት ነጭ መስመር። ልጁን ብዙ አየው። «አንተን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው ይኼን አዳራሽ መጀመሪያ ያሳየሁህ» አለ። ይህን ሲል ፍሬድሉንድ እጁን በወገቡ ከታጠቀው የእጅ ሰንሰለት ላይ አነሳ።

ያልማር ተነሳ። ነጩን የተማሪ ቆቡን ይዞ ወደ ሰሌዳው ሄደና ዘጠነኛው ቱቦ በተሰቀለበት ሚስማር ላይ አንጠለጠለው። ሁለት ጊዜ ወደቀበት፤ በሦስተኛው ያዘለት።

«አባዬ አውቆ ይሆን?» አለ ኢቫርን። «በመጨረሻዋ ቅጽበት? እንዳታለልኩት?»

አርባ ሺህ ውሸት የለየው ሰው አንዲት ለራሱ ቢያስፈልገው አጣ፤ ደግነቱ እውነቱ ራሱ ነበረው። «አላወቀም» አለ። «ከኋላው ያለው ነገር አልደረሰበትም። ልጄ ልክ ነው ብሎ፣ እየሳቀ ነው የሄደው።»

ይህ ለልጁ መጽናኛ ይሁን ሌላ ቢላዋ ኢቫር አያውቅም። ያልማርም ያወቀ አይመስልም። ለፍሬድሉንድ ሁለት እጁን ዘረጋለት።

ወይዘሮ ቶርቦርግ ከተሰበሰቡት መካከል ወጡ። ልጃቸውን ጉንጩ ላይ በመዳፋቸው ነኩት፤ እንደ መሳምም እንደ መምታትም ያልሆነ። ከዚያ ጠረጴዛው ዘንድ ሄደው የጠቆረውን ቆብ አነሱ፤ ሰማያዊውን የጠመኔ አሻራ ሊያራግፉ እጃቸውን አነሱና ተዉት። ቆቡን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ጎን ክፍሉ ገቡ።

ኢቫር ተከተላቸው፤ ደፉ ላይ ቆመ።

ሴትየዋ ሸራውን ገለጡ። መላጣው በመስኮቱ ብርሃን ነጭ ሆኖ ታየ።

«አልጎት» አሉ፤ ድንች እየቀዘቀዘ ወደ ጠረጴዛ በሚጣራ ሰው ድምፅ። «ዘጠኝ ላይ ነው። ሰማህ? ዘጠኝ ላይ ነው። በል፣ ቆብህን ልበስ።»

ጭንቅላቱን በአንድ እጃቸው ደግፈው ቆቡን አጠለቁለት፤ ቀስ ብለው ሳቡት፣ ቀዩ ፊትና ነጩ መላጣ እስከሚገናኙባት መስመር ድረስ።